ባዶው ሠንጠረዥ

ሰኞ

ዛሬ የኩላሊት እጥበት ክፍሉ በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ ጠበቀኝ። የሳምንቱ ቀጠሮ ከነጭራሹ የለም። ነርሷ «ማንን ላስገባ? ማንን ልመልስ?» እያለች ሰው ፊት አፈጠጠችብኝ፤ እኔ የዳታቤዝ ሠራተኛ ሳልሆን የክፍሉ ዘበኛ የሆንኩ ይመስል።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። መዝጋቢዎቹ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስገቡት ስም መጀመሪያ ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሲስተሙ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልሎ ወደ ዋናው የቀጠሮ ፕሮግራም ያስገባና ማቆያውን ያጸዳል። ትራንዛክሽን ማለት ባጭሩ ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይ ማንም አይገባም ማለት ነው። በዚህ ቅዳሜ ለሁለት በሽተኞች በአንድ ሰዓት አንድ አልጋ ተይዞላቸው ተገኘ። ሲስተሙ ሁለተኛውን አልቀበልም አለ። ከእሱ ጋር የሳምንቱ ሰው በሙሉ ተመለሰ።

እንዲህ እንዲሆን አድርጌ የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ልክም ነው። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ከሚቀር ጭራሽ ባይገባ ይሻላል፤ ቢያንስ መጉደሉ ይታወቃል። ይህን ለአለቃችን ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት እጁን አወናጨፈብኝ። ስሙን ትተን አቶ ቶሎ የምንለው ከዚህች ቃል ሌላ ስለማያውቅ ነው።

«ትምህርቱን ለሌላ ቀን አቆይውና እንዳይቆም አድርጊው። ቶሎ። በአንድ ሰው ጦስ ሁሉም ይመለሳል? ይሄ ሲስተም ነው ወይስ ቅጣት?»

ነርሷ ሳቀች። መሳቋን አልረሳላትም።

ማክሰኞ

ምሳ የለም። አቶ ቶሎ በሬ ላይ ብቅ፣ ጥልቅ። «አለቀ?» አላለቀም። «አሁንስ?» አሁንም።

ቤት ስገባ እናቴ «ፊትሽ ምነው?» አለችኝ። ፊቴን ተይው አልኳት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።

ረቡዕ ማታ

አለቀ። አሠራሩን እዚህ ልጻፈው፤ ቢሮ ውስጥ የሚሰማኝ የለም።

እያንዳንዱ ስም ከመግባቱ በፊት ሲስተሙ የመመለሻ ምልክት ይተክላል። ስሙ አልገባም ካለ ሥራው ወደዚያ ምልክት ብቻ ይመለሳል። የእሱ ይሰረዛል፣ የሌላው አይነካም፣ ቀሪው ይቀጥላል። የወደቀው ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ እንዳይቀር «ያልገቡ» የሚል ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ። ማን እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ እዚያ ይጻፋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ አይቶ ሌላ አልጋ ይፈልግለታል። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያስብ የለም፤ ራሴን ማሞካሸቴ አይደለም።

ሆን ብዬ የሚጋጭ ስም አስገብቼ ሞከርኩት። ወደቀ። «ያልገቡ» ላይ መጻፉንም እዚያው ሥራው ሳያልቅ አየሁ። እስከ መጨረሻው አላስኬድኩትም፤ አቶ ቶሎ ኮቱን ለብሶ ቁልፍ እያቃጨለ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እኔ ወደ ላይኛው ፎቅ ስወጣ ይህች ወንበር ያንቺ ናት» አለኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገው፣ ፈረስ እንደገዛ ሰው። ደስ አለኝ። ምን ይደበቃል።

ቅዳሜ

ሁሉም ገባ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ «ተጠናቋል»። «ያልገቡ» ባዶ ነው። ለእናቴ ኬክ ገዛሁላት። «ምን ተገኘ?» አለች። ምንም አልተገኘም፣ ምንም አልጠፋም አልኳት።

ቅዳሜ

ዛሬም ባዶ። ነርሷ በኮሪደሩ ስታልፍ ሰላም አለችኝ፣ በፈቃዷ።

ሰኞ

ሦስተኛው ቅዳሜም በሰላም አለፈ ስል ዛሬ ትንሽ ንትርክ ተነሣ። አንድ ሰዓት ሠሪ አለ፣ በሳምንት ሁለቴ ሰኞና ሐሙስ እየመጣ የሚታጠብ። ዛሬ መጣ፤ ስሙ የለም። ለሐሙስም የለም። ነርሷ አልጋው በሌላ ሰው ተይዟል ብላ መለሰችው። ሰውየው አልተከራከረም አሉ። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

የመዘገበችው እትዬ መስኮት ናት። ከመዝጋቢዎቹ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይገባ ጀምሮ ያቺው መስኮት ላይ ተቀምጣለች፣ ቅጽል ስሟም ከዚያ መጣ። በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው። አንዷን ፊደል ስታገኝ ሁለተኛዋ ትጠፋባታለች። ኮምፒውተሩን «እሱ» ትለዋለች፣ ያኮረፈ ባሏ ይመስል። «እሱ ዛሬ አልተነሣም።» «እሱ ቃሌን አይሰማም።» ወረፋው እስከ ደረጃው ይደርሳል፣ እሷ ከእያንዳንዱ በሽተኛ ጋር ስለ ልጆቹ ታወራለች። ደም ሥሬ ይገታተራል።

ሐሙስ

ሰዓት ሠሪው ዛሬም መጣ፣ ምናልባት ብሎ። ዛሬም የለም። ነርሷ «ለሚቀጥለው ሳምንት ተመዝግቦ ይምጣ» አለች። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ ነበር አሉ። ማን እንዳለ አላስታውስም፤ ካፌው ውስጥ ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ ነው የሰማሁት።

እኔን አይመለከተኝም። አልጋ የሚሰጠው ክፍሉ ነው።

እሑድ

ዝናብ። ልብስ አጠብኩ። እናቴን ቤተ ዘመድ ጋ አደርስሻለሁ ብዬ ሳላደርሳት ቀረሁ።

ሰኞ

ሰዓት ሠሪው ሞቷል። ቅዳሜ ሌሊት፣ ቤቱ።

አቶ ቶሎ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ገባ። «የማን ጥፋት ነው? ቶሎ ንገሪኝ።» ማቆያው ውስጥ ፈለግኩ፤ ማቆያው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚጸዳ የለም። ፕሮግራሙ ላይ የለም። «ያልገቡ» ላይ የለም፤ ሠንጠረዡ ጥርግርግ ያለ ባዶ ነው። ወድቆ ቢሆን ኖሮ እዚያ ይገኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ያልኩትም ያየሁትን ነው።

አቶ ቶሎ ትንፋሹን ለቀቀ። «ተመስገን» አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገብቶት አፉን ጠረገ።

ማክሰኞ

ስብሰባ። እትዬ መስኮት መሃረቧን ይዛ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አስገብቼዋለሁ» አለች። «እጄ ያውቀዋል።»

«እጅዎ ያውቀዋል?» አለ አቶ ቶሎ። «እንግዲህ እጅዎን ለምስክርነት እንጥራዋ።»

ሳቁ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ውሃ አፉ ውስጥ ስለነበረ ትን አለው። እኔም ትንሽ ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ከዚያ እንድናገር ተጠየቅኩ። ረጋ ብዬ አስረዳሁ፦ ስም ከገባ ወይ ፕሮግራሙ ላይ ይገኛል፣ ወይ ከወደቁት ጋር ይገኛል፤ ሦስተኛ ቦታ የለም። እትዬ መስኮት ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ እትዬ። እርስዎን ለመጉዳት አይደለም።»

«አይ፣ አንቺማ አትጎጂኝም» አለች። «አንቺ ካልሽ…» ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግዳለች። ስትወጣ የእጅ ቦርሳዋን ረስታ ተመልሳ ወሰደች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም፣ ስልካችን ላይ ነበርን።

ሐሙስ

ለአጣሪዎቹ ሪፖርት ልሥራ ብዬ «ያልገቡ»ን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፈትኩት። ባዶ። ሁሉም ሳምንት ባዶ። በዚህ ሁሉ ሳምንት አንድ አልጋ እንኳ ለሁለት ሰው ሳይያዝ አይቀርም፣ ሠንጠረዡ ግን አንድ ስም የለበትም።

የረቡዕ ማታውን ኮድ እንደገና ከፈትኩት።

ሐሙስ፣ ማታ

ሁለት መስመር ናቸው። የመጀመሪያው «ያልገቡ» ላይ ጻፍ ይላል። ሁለተኛው ወደ ምልክቱ ተመለስ ይላል። ሲመለስ ከምልክቱ ወዲህ የተሠራውን በሙሉ ይሰርዛል፣ አሁን የተጻፈውንም ጭምር። የመውደቁ ማስታወሻ ከወደቀው ሰው ጋር አብሮ ይጠፋል። እኔ ስሞክረው ያየሁት ከመሰረዙ በፊት ነበር። አስቀድሞ መመለስ፣ ከዚያ መጻፍ ነበረበት።

ቦታቸውን አቀያየርኩ። የደቂቃ ሥራ ነው። የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፣ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሳሳተዋል።

ይህ ስለ ሰዓት ሠሪው ምንም አይናገርም። ወድቆ ይሁን ሳይመዘገብ ቀርቶ፣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ማረጋገጫ የሌለውን ነገር ማውራት ደግሞ የእኔ ጠባይ አይደለም። ሴትየዋ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው። ስሙን ጽፋ ማስገቢያውን ሳትነካ ወሬ ይዛ ቀርታ ቢሆንስ? ሊሆን ይችላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነገር አለ፣ ወረፋውን አስቁማ ስለ ሰው ልጅ ሠርግ ስታወራ።

ሰኞ ለአቶ ቶሎ እነግረዋለሁ። ነገሩ ጋብ ሲል።

ዓርብ

እንቅልፍ የለም። እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ «መብራቱን አጥፊው» አለች። ጮኽኩባት። ምን አደረገችኝ?

ቅዳሜ

ዛሬ «ያልገቡ» ላይ ሦስት ሰው ተገኘ። ሦስቱንም አገኘኋቸው። ነርሷ ጋ ሄጄ አልጋ አስቀየርኩ፣ ለየቤታቸው ደወልኩ። አንዷ ሴትዮ «እግዜር ይስጥሽ፣ እንዲህ የሚያስብልን ሰው አለ ለካ» አለችኝ። ሲስተሙ አሁን በትክክል ይሠራል። ይህንን ማስተካከሌም መቆጠር አለበት።

ሰኞ

አልተመቸም። አቶ ቶሎ ጋ እንግዳ ነበር።

እንግዳው ሲወጣ ራሱ ጠራኝ። «አየሽ? አሮጊቷ ከሄደች ወዲህ አንድ ሰው ጎደለ? አንድ!» ጣቱን አንስቶ አሳየኝ። «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሪፖርትሽ ላይ ጻፊው።»

ጻፍኩት። የጻፍኩት ከታገደች በኋላ አንድም በሽተኛ ያለ ቀጠሮ አልተመለሰም የሚል ነው። ይህ ደግሞ ቃል በቃል እውነት ነው።

ረቡዕ

እራት ላይ እናቴን አንድ በአንድ አስረዳኋት፣ ትንሽ ቀለል ቢለኝ ብዬ። ስለ ሁለቱ መስመር አላነሣሁም፤ አይገባትም። ስለ ሴትየዋ ብቻ ነገርኳት። ማኘኳን አቁማ አዳመጠችኝ።

«የሰው እንጀራ ነውና በደንብ አይታችሁ ነው?» አለች።

«አይተናል።»

«አንቺ ራስሽ?»

ሳህኑን አንስቼ ወደ ማጠቢያው ወረወርኩት። ጠርዙ ተሸረፈ። በዚህ ቤት እንኳ የሚያምነኝ የለም ማለት ነው። እሷ ሸራፊውን ለቅማ በጋዜጣ ጠቀለለች፣ እግሬን እንዳይቆርጠኝ።

ዓርብ

አጣሪዎቹ ሊያባርሯት ነው፤ ከዚያም አልፎ ክስ የሚል ቃል ተነሣ። እዚህ ላይ ዝም አላልኩም። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ዕድሜዋን አስቡ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት እዚያ መስኮት ላይ መቀመጧን አስቡ፣ በገዛ ፈቃዷ ትልቀቅና በዚህ ይብቃ አልኩ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ «ልብ ያላት ልጅ» ሲል ሰማሁት። አቶ ቶሎም ራሱን ነቀነቀ፤ ክስ ለእሱም ራስ ምታት ነው።

ተስማሙ። እኔ ባልኖር ኖሮ ምን ይደርስባት እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ነግረዋታል። ሁለት እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ውለታሽን አልረሳም» አለችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ሊፍት የመጣ አስመስዬ ሄድኩ፤ እኛ ሕንፃ ላይ ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል፤ በደረጃ ነው የወረድኩት።

ማክሰኞ

እትዬ መስኮት ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። አንድ ስኒ፣ ሹራብ፣ መነጽር። አዲሷ መዝጋቢ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበርና ለእሷ የሚሆን መቀመጫ አልነበረም። ቆማ ሰበሰበች። ከዚያ ቢሮዬ መጣች።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ ልጄ» አለች። «መጀመሪያ አስገብቼዋለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። በኋላ እያሰብኩት ስሄድ… ፊቱ ትዝ ይለኛል፤ ስሙን ስጽፍ ግን አልታይ አለኝ። አንዳንዴ ይታየኛል፣ አንዳንዴ አይታየኝም። ሰው ያላደረገውን ያደረገ ይመስለዋል፣ አይደል?»

«ያጋጥማል» አልኳት።

«ሰው ገድዬ ዝም ብዬ ልቀመጥ አልችልም። ሚስቱ ጋ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ቤቷን አጠያይቄ አግኝቻለሁ። ብቻዬን ግን ጉልበቴ አይሸከመኝም። አንቺ የማትፈርጂብኝ ሰው ነሽና አብረሽኝ ብትሄጂ።»

ሥራ አለብኝ ማለት እችል ነበር። «እሑድ» አለች። እሑድ ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለች።

ሐሙስ

ልቀር አስቤ ነበር። ግን እኔ ሳልኖር ምን እንደሚባል አላውቅም። ብሄድ ይሻላል።

አቶ ቶሎ ደብዳቤው ከላይ መጥቷል፣ ሰኞ ወንበሬ ላይ ትቀመጫለሽ አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለች፤ እንደ ጎረቤት።

እሑድ፣ ማታ

ሄድን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። እትዬ መስኮት ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፈች፤ ክንዴን ይዛ ነበር። ሚስቱ በሩን ከፈተች፤ እኔ ካሰብኳት በጣም ታንሳለች፣ ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ማን መሆናችንን ሳትጠይቅ ግቡ አለች። አልጋው ተነጥፏል። እሱ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ ይይዛት የነበረች ቦርሳ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች፤ ፎጣው ከውስጧ ብቅ ብሏል።

እትዬ መስኮት ተቀመጪ ስትባል እምቢ አለች። ቆማ ተናገረች፣ መንገድ ላይ ለራሷ ስትደጋግመው የነበረውን።

«ባልሽን ያልመዘገብኩት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት ነው አልጋ ያጣው። ምን ላደርግልሽ እንደምችል አላውቅም፤ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ግራ ገብቷት አየቻት።

«አንቺ እኮ መዝግበሽዋል» አለች።

እትዬ መስኮት መነጽሯን አወለቀች።

«አብሬው ነበርኩ። መስኮቱ ጋ፣ ከጎኑ ቆሜ። የአባቱን ስም አሳስተሽ ጻፍሽና እሱ አረመሽ። ‹ይህ መነጽር ሊያሳብደኝ ነው› ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኛ አዞርሽልንና ‹ይኸው፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ገብቷል› አልሽ። አረንጓዴ ጽሑፍ ነበረው። አይቼዋለሁ። ለምንድን ነው አልመዘገብኩም የምትዪኝ? እንዲህ በይ ያለሽ ሰው አለ?»

እትዬ መስኮት አፏ ተከፈተ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲመለስ አየሁ፤ ቀለሟ፣ ዓይኗ፣ ትከሻዋ ሁሉ። «አዎ» አለች ለራሷ። «የአባቱን ስም…» ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። መልስ የሚጠብቅ ሕፃን ነበር የምትመስለው።

«ይህች ልጅ ናት የምታውቀው» አለች ለሴትየዋ። «ሲስተሙን የሠራችው እሷ ናት። ልጄ፣ አንዴ የገባ ስም ሊጠፋ ይችላል?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ከታች መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ኳሱ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል። የምናገረው ነገር አጭር ነበር። አንድ ቃል ነበር። የሰኞውን ወንበር አላሰብኩም፣ ለራሴ መዋሸት አልፈልግም፣ ወንበሩን አላሰብኩም። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ይህች ልጅ እግር ሴት እውነቱን ስትሰማ እንዴት እንደምታየኝ ፈራሁ።

«አይጠፋም» አልኩ።

እትዬ መስኮት እዚያው እንደቆመች ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብላ ጉንጯን ዳበሰቻት፤ አጽናናቻት። «እንግዲያው ሌላ ቀን ያየሽው ነው የኔ እናት» አለቻት። «በየሳምንቱ ትመጡ አልነበር? ያኛው ሳምንት ይሆናል። ኀዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ቀኑን ያምታታል።»

ሴትየዋ የተሰቀለችውን ቦርሳ አየች፣ እጇን አየች።

«ይሆናል» አለች። «ያኔ ልቤ የት እንደነበር።»

ሻይ አፈላችልን። ስኳር ስንት ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት።